«ወረዳ 3» የትኛው ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው የሞዴሉ ብልህነት ነው። ከአያት እስከ ለገጣፎ ባለው የከተማ ዳርቻ የመረጃ ሥራ የምንሠራ ሰዎች ልናነሳ የፈለግነው ሌላ ነገር ነው፦ ኤጀንቱ (በሞዴሉ እየታገዘ ራሱ መሣሪያ እየጠራ ጥያቄ የሚመልሰው ፕሮግራም) መረጃ የሚያወጣበት መሣሪያ መመሪያ። ብዙ ቦታ ይህ መመሪያ አንድ መስመር ናት፤ «ከዕውቀት መረቡ መረጃ ይፈልጋል»።

የዕውቀት መረብ መረጃን የሚይዘው ሁለት ነገሮችን በአንድ ግንኙነት እያያዘ ነው፤ «አያት፣ የሚገኘው በ፣ ለሚ ኩራ» እንደማለት። ኤጀንቱ መረቡን አያየውም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ በሆነው፣ ሞዴሎችን ከመሣሪያዎች ጋር በሚያገናኘው የጋራ ደንብ በሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ለምሳሌ ሞዴሉ መሣሪያውን የሚያውቀው በስሙ፣ በመግለጫው (መመሪያ ያልነው ይኸው ነው) እና በሚቀበላቸው ግብዓቶች ዝርዝር ነው። አዲስ ሠራተኛ ቢሆን ግራ ሲገባው አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። ኤጀንቱ ግን ካልተነገረው ይገምታል።

የሚገምተው ደግሞ እዚሁ ሰፈራችን ላይ ነው። ክፍለ ከተሞች ወረዳዎቻቸውን በቁጥር ስለሚጠሩ «ወረዳ 3» ብቻውን የትም አያደርስም። «የካ አያት» እና «ቦሌ አያት» የሚባሉ ኮንዶሚኒየሞች አሉ፤ ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከሁለቱ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ ሲቋቋም ስማቸው ባለበት ቀረ። ለገጣፎም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ነው። ስለዚህ «የሚገኘው በ» የሚለው ግንኙነት ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ መመዝገብ አለበት፤ መመሪያውም «ቀን ካልተሰጠ የዛሬውን እመልሳለሁ» ብሎ በግልጽ ይናገር። የዘመን አቆጣጠሩም ይጻፍ። ዝም ከተባለ ሞዴሉ 2013ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ወስዶ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

የፊደሉ ጣጣ ከዚህም ይብሳል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት። መረቡ ውስጥ ሲገባም ሲፈለግም ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ መመለስ አለባቸው፤ የመጀመሪያው አጻጻፍ ግን ለማሳያ ይቀመጥ። የሰው ስም ላይ ደግሞ ሁለተኛው የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ እንዳልሆነ ካልተጻፈ፣ ኤጀንቱ የአባታቸው ስም ከበደ የሆነውን ሁሉ ወንድማማች ያደርጋቸዋል። (ስቀን የምናልፈው ነገር ይመስላል፤ የርስት ጉዳይ ላይ ሲሆን አያስቅም።)

ያቺ አንድ መስመር እንዲህ ብትጻፍ ነገሩ ይቀየራል፦ «የአንድን ቦታ ወይም ቢሮ ቀጥተኛ ግንኙነቶች ለማውጣት ተጠቀም። መለያ ቁጥር ይፈልጋል፤ ያለህ ስም ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ‹ስም አጣራ› የሚለውን መሣሪያ ጥራ። ከአንድ በላይ ስም ከመጣ አትምረጥ፤ ተጠቃሚውን ጠይቅ። ረጅም ሰነድ ለማንበብ አይሆንም።» መሣሪያው መቼ እንደማያስፈልግ መናገር መቼ እንደሚያስፈልግ ከመናገር እኩል ይጠቅማል።

ከግብዓቶቹ ውስጥ በብዛት የሚያሳስተው ርቀት ነው፤ በመረቡ ላይ ካለ አንድ ነጥብ (ቦታ፣ ሰው ወይም ቢሮ) ተነስቶ ስንት ግንኙነት ድረስ ይኬድ የሚለው። እያንዳንዱ ነጥብ 20 ጎረቤት ቢኖረው፣ አንድ እርምጃ 20፣ ሁለት እርምጃ 400፣ ሦስት እርምጃ 8,000 ውጤት ያመጣል። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር ጽሑፍ ማስቀመጫ ሥርዓት ሦስት ባይት ይይዛል፤ ብዙ ሞዴሎችም አማርኛን ከእንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ቦታ ይከታትፉታል። የኤጀንቱ የማስታወሻ ቦታ ቶሎ ይሞላና መጀመሪያ የተጠየቀው ጥያቄ ይጠፋዋል። ሳይጠየቅ አንድ እርምጃ፣ ቢበዛ ሁለት፣ በአንድ ጊዜ 25 ውጤት ይበቃል። ውጤቱ ከተቆረጠ «ከ140ው 25ቱ» ተብሎ ይነገረው፤ አለዚያ ያለው 25 ብቻ ነው ብሎ ይመልሳል። የግንኙነቱ አቅጣጫም ከምሳሌ ጋር ይጻፍ፤ «ይቆጣጠራል» በተገላቢጦሽ ሲጠየቅ መልሱ ባዶ ነው።

ባዶ መልስ ራሱ ሦስት ዓይነት ነው፦ ስሙ አልተገኘም፤ ስሙ አለ፣ ግንኙነቱ ግን አልተመዘገበም፤ ወይም መሣሪያው ራሱ አልሠራም። ሦስቱም በባዶ ቅንፍ ከተመለሱ፣ ሰርቨሩ በተቋረጠበት ሰዓት የጠየቀ ነዋሪ «በአካባቢዎ ጤና ጣቢያ የለም» ይባላል። እያንዳንዱ የራሱ መልእክትና ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚረከቡ መሥሪያ ቤቶች ርክክቡ ላይ 20 ጥያቄ ይዘው ይቅረቡ። አምስቱ አሻሚ ስም ያለባቸው፣ አምስቱ ቀን ያለባቸው፣ ሦስቱ መልስ የሌላቸው ይሁኑ። የመጨረሻውን መልስ ብቻ ሳይሆን የጥሪውን መዝገብ ይመልከቱ፤ የትኛው መሣሪያ፣ በምን ግብዓት፣ ስንት ጊዜ ተጠራ? ትክክለኛ መልስ በተሳሳተ ጥሪ የተገኘ ከሆነ እንደ ወደቀ ይቆጠር። መግለጫው ላይ አንድ ቃል በተቀየረ ቁጥርም 20ዎቹ ጥያቄዎች እንደገና ይጠየቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመረጃ ሥርዓት ባለሙያዎች፣ ከአያት