በመሃል አዳማ ለምትነግዱ አባሎቻችን

ውድ አባላት፣

አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከመሃል ከተማ ርቆ ተሠራ፤ ዳር ዳሩን የበቀሉት ሰፈሮችም የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ ግን ኪራይ አልቀመስ ብሎ ብዙ በር ተዘግቷል።

60 ካሬ ሱቅ ያላችሁ ለሦስት ክፈሉት፤ ለጀማሪ 20 ካሬ ይበቃዋል። ለየክፍሉ የራሱ በርና ቆጣሪ ይኑረው። መብራት በጋራ ሲሆን በሂሳብ ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ተከራይም ጥሎ ይሄዳል።

የአዳማ ፀሐይ ገበያተኛ ታባርራለች፤ የሸራ ጥላ በ2.5 ሜትር ከፍታ ስቀሉ። ወደ ውጭ ካላዘነበለ የክረምት ውሃ ይቋጥርና ይቀደዳል።

ከሁሉም የሚከብደን የመኪና ነገር ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 12 ሰዓት ደጃፋችሁ የቆመ የራሳችሁ መኪና፣ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚቆሙ የ20 ደንበኞችን ቦታ ይይዛል። እባካችሁ ከኋላ መንገድ አቁሙ።