ስለ ወንድሜ የምለምንህ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ በመቆየቴ ይቅርታህን እጠይቃለሁ፤ ምክንያት መደርደሩን ግን እተወዋለሁ፣ አንተም ብትሰማው አትወድም። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ የታናሽ ወንድሜ ነገር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የእኔን ምክር በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ሲያፈስ፣ የአንተን ግን እንደ ሕግ ይቀበል እንደነበር ታስታውሳለህ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ትንሽ እንደሚያስቀናኝ ልደብቅህ አልችልም፤ አሁን ግን ወንድሜ ለአንተ ያለው አክብሮት እጅግ አስፈልጎኛል።

ወንድሜ አዲሱን ኃላፊነት ከተረከበ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ጠዋት ምንም ሳይቀምስ ይወጣል፤ ቀኑን በቡና ይገፋዋል፤ ምሳ ሲቀርብለት «ሆዴ አልከፈት አለኝ» ይላል። ማታ ቤት ሲገባ ግን ብስኩቱንም ቸኮሌቱንም፣ ያገኘውን ጣፋጭ ሁሉ፣ ያላለቀውን ሥራ ከፊቱ ዘርግቶ ሳያስተውለው ይጨርሰዋል። እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ መጠጥ መቀማመስ ጀምሯል፤ ሆኖም እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነቅቶ እስኪነጋ ይገላበጣል። በቅርቡ ሐኪም የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱን ነግሮታል። ዕድሜው አርባን ተሻግሯል፤ አባታችን በስንት ዓመቱና እንዴት እንደተለየን ስለምታውቅ፣ የምፈራውን ነገር በጽሑፍ ማስፈር አያስፈልገኝም።

ቤተሰቡ ሁሉ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፦ «በሥርዓት ብላ፤ በጊዜ ተኛ።» ምክሩ እውነት ሆኖ ሳለ ለምን ፍሬ እንደማያፈራ ለመረዳት ስል ስለ አዋቂዎች ውጥረት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከርሜአለሁ። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ዋልተር ካነን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንስሳትን የምግብ መፈጨት በኤክስሬይ ሲከታተል፣ እንስሳቱ ሲታወኩ የጨጓራቸው እንቅስቃሴ ቀጥ እንደሚል ተመልክቶ ነበር። ሰውነት አደጋ የመጣበት ሲመስለው ደሙን ወደ ጡንቻዎች ይልካል፣ የምግብ መፈጨትን ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል፤ በአንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል የሚመነጨውና ይህን ማንቂያ የሚያስጀምረው ሆርሞንም ራሱ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ከኩላሊቶቻችን በላይ ካሉት እጢዎች የሚመነጨው ኮርቲሶል ግን ዘግየት ብሎ ይደርሳል፣ ረዘም ላለ ጊዜም ይቆያል፤ የወጣውን ጉልበት ለመተካት የምግብ ፍላጎትን መልሶ ይቀሰቅሳል፣ ፍላጎቱም ብዙውን ጊዜ ወደ ጣፋጭና ወደ ቅባታም ነገር ያጋድላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ጥናት፣ በላቦራቶሪ ውስጥ አስጨናቂ ሥራ ሲሰጣቸው ኮርቲሶላቸው በብዛት የጨመረባቸው ሴቶች ብዙ ካልጨመረባቸው ይልቅ በዚያው ቀን አብዝተው በልተዋል። ይህን ሳነብ የወንድሜ የቀን ጾምና የማታ ጣፋጭ የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች መስለው ታዩኝ። እኛ ግን ልፍስፍስነት አድርገን ቆጥረን በየማዕዱ ስንገሥጸው ቆይተናል፤ ተግሣጹም በተጨነቀ ሰው ላይ ሌላ ጭንቀት ሆኖ ይደረባል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ደግሞ የእንቅልፉ ጉዳይ ነው፤ ሁሉም ነገር የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ይመስለኛል። ለአዋቂ ሰው በየሌሊቱ ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው ይመከራል፤ ወንድሜ የዚህን ግማሽ ቢያገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት በአልጋ ላይ 4 ሰዓት ብቻ እንዲቆዩ ሲደረግ፣ 10 ሰዓት ከተፈቀደላቸው ሌሊቶች ጋር ሲነጻጸር ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን በ18 በመቶ ቀነሰ፣ ረኃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን በ28 በመቶ ጨመረ፤ የተመኙትም በተለይ ጣፋጭ፣ ጨዋማና ዱቄት የበዛበት ምግብ ነበር። ሰዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ቃል አልወስደውም፤ አቅጣጫው ግን በዓይኔ ከማየው ጋር ይገጥማል። ቡናውም የራሱን ይጨምራል። ካፌይን በሰውነት ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ከጠጣው ግማሽ ያህሉ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አብሮት ይቆያል። መጠጡ ደግሞ ቶሎ ቢያስተኛውም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍ ይቆራርጠዋል፤ በማግስቱ ደክሞት ይነሣል፣ ስለደከመው ቡና ያበዛል፣ ስለተነጫነጨ ከባልደረቦቹ ጋር ይጋጫል፣ ግጭቱን ይዞ ወደ ቤት ይገባል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ክቡ እንዲህ ይዘጋል።

ስለ ምግቡ የሚነገረው ሁሉ እውነት አይደለም። ውጥረትን ያጠፋሉ ተብለው የሚሸጡ እንክብሎችንና ዱቄቶችን የሚልኩለት ወዳጆች አሉ፤ እኔ አላምንባቸውም፣ አንተም እንደዚያ ያለ ነገር እንዳትልክለት አደራ። ከአንድ ተአምረኛ ምግብ ይልቅ የአበላሉ ጠቅላላ ልማድ የሚበልጥ ይመስለኛል፦ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና ለውዝ የሚበዛበት፣ ስኳርና በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ የሚያንስበት። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ የተደረገ አንድ ጥናት ውጤት ታትሞ ነበር፤ የድብርት ሕመም ካለባቸው 67 ሰዎች መካከል ለ12 ሳምንት በአመጋገብ ባለሙያ እየታገዙ አበላላቸውን ካስተካከሉት ወገን አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከሕመሙ ሲያገግሙ፣ የሰው አጫዋችነት ብቻ ካገኙት ወገን ያገገሙት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ድብርትና ውጥረት አንድ አይደሉም፣ ጥናቱም ትንሽ ነው፤ ተስፋ ግን ይሰጠኛል። ደግሞም ያ ሁሉ እስኪሟላ ሳይጠበቅ፣ ጠዋት ጥቂት ነገር ቀምሶ ቢወጣና ቡናውን ከቀትር በፊት ቢያበቃ ብቻ ብዙ ነገር የሚቀልለት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ለመጻፍ የሚያመነታኝ ነገር አለ። ወንድሜን ያስጨነቀው በመጀመሪያ ደረጃ ሥራው ነው፤ ለሁለት ሰው የሚበዛ ሥራ ለብቻው ተሸክሟል። ሰላጣ በልቶ፣ በጊዜ ተኝቶ ያንን ሸክም አያወርደውም፤ አኗኗሩን ቢያስተካክል የሚያገኘው የመሸከም አቅም ነው። ስለዚህ ችግሩን ሁሉ በእሱ አመጋገብ ላይ መጣል ግፍ ሆኖ ይሰማኛል። ከአለቆቹ ጋር ተነጋግሮ ሥራውን እንዲያስቀንስ ሊደፋፈር ይገባል፤ ይህን ደግሞ ከእኔ አፍ ሲሰማው እንደ ፍርሃት ይቆጥረዋል፣ ከአንተ ቢሰማው ግን ያስብበታል ብዬ አምናለሁ።

የምለምንህም ይህን ነው። እባክህ ደውልለትና አብሮህ በእግሩ እንዲሄድ ጋብዘው። አንተ ዝናብም ሆነ ፀሐይ ከእግር ጉዞህ የማያስቀርህ ግትር ሰው ነህ፤ በዚያ ግትርነትህ ስንት ዓመት ሳላግጥብህ ኖርኩ፣ ዛሬ ግን እመርቅሃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን ይመክራል፤ ወንድሜ ከወንበሩ ተነሥቶ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ከአንተ ጋር ቢራመድ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ ቀስ በልለት፤ አንተ ስትራመድ አብሮህ ያለው ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለ ክብደቱ አታንሣበት፤ ስለ ጣፋጩም ቶሎ አትጠይቀው። መጀመሪያ ያወራልህ፣ አንተ አድምጠው፤ ሲናገር የሚቀልለው ሰው እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ደረቱን ወጋኝ ካለህ፣ ወይም መኖር ሰለቸኝ የሚል ቃል ካመለጠው ግን አንድ ቀን ሳታሳድር ወደ ሐኪም ይዘኸው ሂድ፤ ለእኔም ወዲያው ንገረኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። እኔ እንደጻፍኩልህ ሳትነግረው ብትጀምር ደስ ይለኛል፤ ቢጠይቅህ ግን አትዋሸው፣ እኔ አልቀየምም፣ እሱም ውሎ አድሮ ይረዳኛል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ብዙውን ጊዜ ቤቱ ይገኛል፤ ስልኩ አልተለወጠም። መቼ እንደምትደውልለት በሁለት መስመር ጻፍልኝ። የአንተንና የቤተሰብህን ነገር ደግሞ በሌላ ደብዳቤ ዘርዝረህ ንገረኝ፤ ሁሉንም ለመስማት ናፍቄአለሁ።

ሁልጊዜ የሚያስብህ ወዳጅህ