ለአዲሱ ርዕሰ መምህር፣ ከባሕር ዳር

ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል የተጠፋፋነው በመካከላችን ክፉ ነገር ኖሮ አይደለም፤ መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፣ ሲመለስ ደግሞ ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ። አዳማ ላይ ርዕሰ መምህር ሆነህ መሾምህን ስሰማ ግን ብዕር አነሣሁ። እንኳን ደስ ያለህ ልበልህ ወይስ እግዚአብሔር ያጽናህ? ሁለቱንም ውሰድ።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ሳለን ስለ ክፍል አያያዝ በምታነሣው ጥያቄ መምህሮቻችንን ታስመርር ነበር። አሁን ተራው ያንተ ነውና ሳትጠይቀኝ ልምከርህ፤ የተማሪዎችህ መንፈስ የሚያሳስብህ ከሆነ መጀመሪያ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገብተህ ተቀመጥ።

ለምን እንደምል ልንገርህ። አምና ሐሙስ ሐሙስ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ ተደፍቶ የሚተኛ ልጅ ነበረን። ጣና ሐይቅ ላይ ካለችው ከደቅ ደሴት መጥቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማር ነው። አንዱ መምህር ሰነፍ አለው፤ ሌላው ሌሊቱን ስልክ ሲነካካ ነው የሚያድረው አለ። የሒሳብ መምህርቷ ግን ቀኑን ልብ አለች። ሰኞ እጁን እያወጣ የሚመልስ ልጅ ሐሙስ ምን ነካው? ለብቻው ጠርታ በቀስታ ስትጠይቀው፣ ከቤት በጀልባ የሚላክለት በሶና ድርቆሽ ረቡዕ ላይ ያልቅ ኖሯል። ስሙን ሳታነሣ ጉዳዩን ለወላጅ መምህር ኅብረቱ አቀረበች። እንደ እሱ ቤት ተከራይተው ለሚማሩት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ዳቦና ሻይ ተዘጋጀላቸው። ሰው ፊት ለምጽዋት ማሰለፍ እንዳይሆን ብላ የተከራከረችው እሷ ናት፤ ልጆቹ ሻያቸውን የሚጠጡት ከሌላው ተማሪ ጋር ተቀላቅለው ነው።

በኋላ ስናወራ ያለችኝን አልረሳውም፦ «ካቻምና በሳምንት 28 ክፍለ ጊዜ ሳስተምር ቢሆን ኖሮ እኔም ሰነፍ ነው ብዬ አልፈው ነበር።» አምና አንድ መምህር ስለተጨመረልን ሸክሟ ቀሎላት ነበር። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ይዛ፣ ማታ ደግሞ ለቤት ኪራይ የሰው ልጅ የምታስጠና መምህርት የማንን ፊት ታነባለች?

ስለ ጭንቀት ስልጠናም ሰጥተውናል፤ ባነሩ ያምር ነበር። አሰልጣኙ ዓይናችንን ጨፍነን በረጅሙ እንድንተነፍስ ሲያዝዙን፣ አጠገቤ የተቀመጠው የፊዚክስ መምህር አንገቱን ደፍቶ ፈተና ያርም ነበር። ሰውየውን ግን አላማም፤ አንድ ቁም ነገር ነግረውናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ላይ ይህን ከሥራ የሚመጣ መዛል በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ጫና የሚያመጣው ነገር ነው ያለው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ማለቅ፣ ሥራውን መሸሽና ማጣጣል፣ ምንም ለውጥ አላመጣም ብሎ ማመን። ሦስተኛውን ሲያነሡ አዳራሹ ጭጭ አለ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ፣ ገበያ ላይ ሳይቀር «ምን ስታስተምሩ ነው የከረማችሁት?» ተብለናል። ታዲያ ችግሩ ከሥራው ጫና ከሆነ ትንፋሽ ብቻውን ምን ያደርጋል? የክፍለ ጊዜ ድልድሉ እኮ አንተ እጅ ላይ ነው ያለው።

እኛ ጋ ያለውን ታውቃለህ፤ አላበዛውም። በር ድንገት ሲላተም ከወንበራቸው ብድግ የሚሉ ልጆች አሉ። «ምን አይታችሁ ነው? ንገሩን» እያሉ ማስጨነቅ ይጎዳቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ የሚለው ማየት፣ ማዳመጥና ከሚረዳቸው ጋር ማገናኘት ነው፤ መምህርን ሐኪም ሁን አይለውም። የጠናበትን ልጅ ከወላጁ ጋር ተማክረን ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንልካለን። ለሌሎቹ የጠቀመው ነገር ሲነገር ኢምንት ይመስላል። ታሪክ የሚያስተምረው ባልደረባችን ገና እንደገባ የዕለቱን ሥራ በሰሌዳው ቀኝ ጥግ በተራ ይጽፋል፤ አንዱ ሲያልቅ ያጠፋዋል። ልጆቹ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቁ ይረጋጋሉ። ሌሎቻችንም ከእሱ ወስደናል።

የምክር አገልግሎት ክፍል ሳይኖራችሁ አይቀርም። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ ውስጡም የተሰበረ ወንበር ታጭቆበት እንደሆነ እየው፤ የብዙ ትምህርት ቤት ነገር እንዲህ ነው። በመልስህ ላይ ያገኘኸውን ጻፍልኝ፤ መምህራንህ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚይዙም አትደብቀኝ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ክረምት ላይ ከመጣችሁ ማረፊያችሁ እኔ ቤት ነው፤ ሆቴል የሚባል ነገር እንዳልሰማ።

ወዳጅህ