አባዬ፣ ለእኔ አትተውንልኝ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ?

በስልክ ስለምታሸንፈኝ ነው የምጽፍልህ። ድምፅህን ከፍ ዝቅ አድርገህ፣ ሳቅ ጣል አድርገህበት፣ «እኔ እኮ አንበሳ ነኝ የኔ እመቤት!» ካልከኝ በኋላ ምን እመልሳለሁ? ያሰብኩትን ሳልናገር ስልኩ ይዘጋል። እህቴን አንብቢልኝ እንዳትላት። መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት በልጦኛል፤ ጫማ በየሦስት ወሩ ነው የምንገዛለት። እዚህ ሜሪላንድ ብርዱ ገና አልወጣም። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ እማዬን ሆናለች። ትምህርት ቤት ቴአትር ሊሠሩ ነው፣ የደረሳት ሚና ዛፍ ነው። ዛፍ! አንዲት ቃል የላትም፣ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳሎን መሃል ቆማ ስትለማመድ ነው የከረመችው። በማን እንደወጣች አንተ ታውቃለህ።

ባለፈው እሁድ በቪዲዮ «አያቴ፣ ዛፍ እጁን የት ያደርጋል?» ብላ ጠየቀችህ። አንተም «እጁን የት ያደርጋል! እጁን... የት ያደርጋል...» አልክ። ከዚያ ውሃ ጠጣህ። ከዚያ ሳልክ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረህ አንድ ሁለት እርምጃ ሄድክና ተመልሰህ «አንቺ የኔ ጀግና!» አልካት። ስሟን አልጠራህም። እሷ በሳቅ ሞተች፣ ቀልድ መስሏታል። እኔ ተነስቼ ኩሽና ገባሁ።

አባዬ፣ እነዚህን ዘዴዎች ያስተማርከኝ አንተ ነህ እኮ። ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ብሔራዊ ቴአትር ልምምድ ይዘኸኝ እየሄድክ ጨለማው አዳራሽ ውስጥ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ታስቀምጠኝ ነበር። ስትጨርሱ ውጪ ድንጋዩ አንበሳ ሥር ቁጭ ብለን ለውዝ እንበላለን። ሁልጊዜ ያንኑ ነበር የምትነግረኝ፤ ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የ25 ዓመት በዓለ ንግሥ እንደተመረቀ፣ አንበሳውም የዚያው በዓል መታሰቢያ እንደሆነ። ከዚያ ወደ ራስህ ትዞራለህ፦ በ1969 ስትቀጠር ደመወዝህ ስንት እንደነበር፣ እንዴት ጦር ተሸክመህ ዝም ብሎ ከሚቆም ወታደር እንደጀመርክ። አንድ ቀን «ቃል ቢጠፋብህስ?» አልኩህ። አንደኛ፣ ያኛው ተዋናይ ያለውን ድገመው። ሁለተኛ፣ ውሃ ካለ ጠጣ፣ ከሌለ ሳል። ሦስተኛ፣ ተራመድ፤ እግር ሲንቀሳቀስ ሕዝቡ ያሰበ ይመስለዋል። እጅግ ከባሰ ደግሞ አብሮህ ያለውን አሞግሰው።

አራቱንም እሁድ አየኋቸው። በቅደም ተከተል።

እህቴ አትቆጣት እንጂ ሌላም ነግራኛለች። ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ ሆኖ ደርቆ ታችኛው እንደቀለጠ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተህ የጎረቤት በር በቁልፍህ ስትታገል እንደተገኘህ። የግፊቱን ኪኒን አንድ ቀን ሁለቴ ትወስዳለህ፣ ሌላ ቀን ጨርሶ ትተወዋለህ። ባለ ሰባት ክፍሉን የኪኒን ሳጥን በሰው ልኬልሃለሁ። እባክህ ተጠቀምበት፣ የክራቫት ፒን ማስቀመጫ እንዳታደርገው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይኸው አሥራ ምናምን ዓመት ሆነው፣ አላወራነውም።

እማዬ የታመመች ጊዜ በዓል ላይ ቤት እንዳልነበርክ አይደለም የማወራው። እሱን ለምደነዋል። የ2000 እንቁጣጣሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀደም ብሎ በተቀረጸ ዝግጅት እየሳቅክ ነበር፣ አካልህ ደግሞ መድረክ ላይ። እማዬ ፈረሰኛውን በሳህን ከድና «ሁለት ባል አለኝ፣ አንዱም ቤት የለም» ብላ አሳቀችን። ያ የመጨረሻ እንቁጣጣሿ ነበር። ለእሱ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ደሞዝተኛ ነህ፣ ሥራህ ነው።

ያልተውኩልህ ፊልሙን ነው። በ2003፣ ያኔ የአማርኛ ፊልም በየሳምንቱ የሚወጣበት ጊዜ፣ አንተም የስንቱ ሙሽራ አባት እንደሆንክ ቁጥሩ የጠፋብን ጊዜ። ከጓደኞቼ ጋር አምባሳደር ሲኒማ ገባን። ሚስትህ ልትሞት አልጋ ላይ ተኝታለች። እግሯን ጭንህ ላይ አድርገህ ቅባት መቀባት ጀመርክ፣ ከተረከዟ ጀምረህ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ። «ቀዝቅዞሻል?» አልካት። እሷም «አንተ ስትመጣ ነው የሚበርደኝ፣ በሩን ዝጋው» አለችህ።

አባዬ፣ ይሄ እኮ የእማዬ ንግግር ነው። እማዬ ይህን ያለችህ ማታ ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ፤ አጠገቤ የማላውቃት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ታለቅስ ነበር። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ለአዘጋጁ የሰጠኸው አንተ እንደሆንክ ገብቶኛል፤ የእናቴን ሞት በሦስት ሳምንት ቀረጻ ሸጥከው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ማታ ስትገባ «ፊልሙን አየሽው?» አልከኝ። «አላየሁም» አልኩህ። በዓመቱ አገር ለቀቅኩ። ስለ ሌላ ነገር የሄድኩ መስሎህ ይሆናል።

ባለፈው ወር ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ምስሉ ደብዝዟል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሁለቴ ማስታወቂያ ይገባበታል። ያንን ቦታ ብቻ ደጋግሜ አየሁት። እጅህ ምንም አልሳተም። ትንሿን ጣት ጨበጥ አድርገህ የምትለቃት ነገር እንኳን አለ። እኔ ረስቼው ነበር።

እህቴ ስልኳን ዘግታ ደጋግማ ያለቀሰችበትን ነገር አሁን ልንገርህ። ባለፈው ሐሙስ ምሳ ስታቀርብልህ «እናትሽስ? ገበያ ወጥታ ነው?» አልካት። እሷም ግራ ገብቷት «አዎ» አለችህ። አንተም ፈረሰኛውን ለይተህ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥክላት።

አልቆጣሁም። በእውነት። ስትጽፍልኝ ሥራ ቦታ ነበርኩ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ቆየሁ።

አውቃለሁ፣ ላንተ ቃል መርሳት ማለት ለሌላው ሰው እንደሚሆነው አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ትንፋሹን የት እንደሚወስድ ጣትህን እያጠፍክ ትቆጥር የነበርክ ሰው ነህ። ጡረታ ወጥተህም መታጠቢያ ቤት ውስጥ የድሮ ቃለ ተውኔትህን ስትል በር ላይ ቆመን እንሰማህ ነበር። በቃና ቴሌቪዥን የሚታየው የውጭ ፊልም አገር ሊያጠፋ ነው ብለህ ስብሰባ ላይ ጮኸህ ማታ ከጎረቤት ጋር ስታይ የተያዝክ ጊዜ እንኳን፣ እንዴት በትወና እንዳመለጥክ እህቴ እስከ ዛሬ ታወራለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ትመጣልሃለች። የነርቭ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዛልሃለች፣ ገንዘቡን ልኬያለሁ። ቁርስ ብላ፣ መታወቂያህን ያዝ፣ ኪኒኖቹን ከነእሽጋቸው በፌስታል አድርጋቸው። ሐኪሙ ቀኑን፣ ወሩን፣ የልጅ ልጆችህን ስም ይጠይቅሃል። ቲቪ ላይ አይቶህ ካወቀህ ደግሞ በደስታ ይነሳልሃል፣ አንተም ደስ ይልሃል፣ ያኔ ነው የምፈራው።

አባዬ፣ ውሃ እንዳትጠጣ። እንዳትስል። ጥያቄውን እንዳትደግምለት። ካላወቅከው አላውቅም በለው።

የትንሿ ቴአትር አርብ ነው። ስልኬን ከፍ አድርጌ አሳይሃለሁ፤ ከግራ ሁለተኛዋ ዛፍ እሷ ናት።

ልጅህ