ይድረስ ለአባባ፣ ጅማ

አሰላሙ አለይኩም አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎንስ ሻል አለዎት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ናይሮቢ ብርድ ገብቷል፤ እማ የላከችልኝን ጋቢ ለብሼ ነው የምጽፍልዎት።

በቀደም ስንደዋወል ከፍቶዎት ነበር። መርካቶ ሻይ ስትጠጡ አንዱ ጓደኛዎ በሰው ፊት «የልጅህ ድርጅት፣ ሮይተርስ፣ ስለ አገራችን ያወራውን ሰማህ?» ብሎ አሸማቀቀዎት። መስመሩ እየተቆራረጠ በወጉ ሳልመልስልዎት ቀረሁ። ታናሼ ያንብብልዎት ብዬ በጽሑፍ አደረግሁት።

ያንን ዜና እኔም እንደ እርስዎ ከስልኬ ላይ ነው ያየሁት። ሮይተርስ ትልቅ የዜና ወኪል ነው፣ ሠራተኛው በሺህ ነው የሚቆጠረው፤ ጸሐፊውን መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም። ደግሞም አንድ ዜና የአንድ ሰው ሆኖ አይወጣም። አምና ጅማ መጥቼ ስለ እሸት ቡና ዋጋ የሠራሁትን ያስታውሱ የለ? እርስዎ ያገናኙኝ የአጋሮው ሰብሳቢ «ዋጋው እጥፍ ገባ» አለኝ። ጽፌ ከላክሁ በኋላ ሻዬ ሳይበርድ አርታኢዋ ደወለች። «ከመቼ ወዲህ ነው እጥፍ የሆነው? ራሱ የሸጠበት ዋጋ ነው ወይስ ሲወራ የሰማው? ሌላ ማን አለ?» እንደገና አጋሮ ወርጄ ሌሎች ሰብሳቢዎችና አንድ አቅራቢ ሳናግር፣ እጥፍ የተባለው ለጥቂት ቀን፣ ያውም በአንድ ሰፈር ብቻ ነበር። «እጥፍ» ወጣ። ቀጥሎ ለንደን ያለው ሌላው አርታኢ ስለ ጅሬንና ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የጻፍኩትን ሁለት መስመር ቆርጦ ጣለው። ለዋጋው ዜና አያስፈልግም አለ። እውነቱን ነው፤ እኔ ግን እስካሁን ያናድደኛል። ዜናው ሲወጣ ስሜ ከግርጌ በትንሹ ተጻፈ፤ ከእኛ ገዝተው የሚያነቡት ሬዲዮኖች ደግሞ የድርጅቱን ስም ብቻ ነው የሚጠሩት። ያን ማታ ሬዲዮ ከፍተው ጠብቀው ስሜን ያልሰሙት ለዚህ ነው።

ከወቀሳው ይልቅ የሚከብደኝ የዋጋው ጥያቄ ነው። በየካቲት 2017 የአረቢካ ቡና በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ስልኬ በጅማ ሰው ተጨናንቆ ነበር፤ «ነገስ ይጨምራል ወይ?» ነው ሁሉም። ብራዚልን ድርቅ እንደመታት የሰማ ሁሉ የሚያውቀውን ነው እኔም የማውቀው። ቀድሞ የደረሰኝ ወሬ ቢኖር እንኳ ዜናው ሳይወጣ ለእርስዎም አልነግርዎትም፤ ከሥራ ያስባርራል። ደንበኞቻችን የሚከፍሉት እኩል ሊያገኙት ነው፤ ከወጣ በኋላ በሴኮንድ ይሽቀዳደሙ።

ሥራው ከጥንቱም ከነጋዴ ጋር የተያያዘ ነው። የድርጅታችን መሥራች ጁሊየስ ሮይተር እ.ኤ.አ. በ1850 በብራስልስና በጀርመኗ አኸን መካከል የቴሌግራፍ መስመሩ ገና ስላልተገናኘ የአክሲዮን ዋጋ በእርግብ ያስልክ ነበር፤ በዓመቱ ለንደን ላይ ቢሮ ከፈተ። እርስዎም የአዲስ አበባን ዋጋ ለመስማት ቴሌ ሄደው ወረፋ ይዘው ይውሉ አልነበር? እርግቧ ብቻ ነው የቀረችብዎት።

የሌሊት ፈረቃው እንደሚያደክመኝ ለእማ አይንገሩብኝ። ደሞዙ በቀኑ ይገባል።

ለዚያ ጓደኛዎ «ስህተት ካገኘህበት ለድርጅቱ ጻፍ፣ ተሳስተው ከሆነ ያርማሉ» ይበሉልኝ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ በእርግጥ ይታያል፤ እርማትም ወጥቶ አይቻለሁ። ዜናው ትክክል ሆኖ ሰውየውን ያስከፋው ከሆነ ግን እኔ ምን አደርጋለሁ?

የአጋሮው ሰብሳቢ ስልክ አይሠራም፤ ቁጥሩን ቀይሯል መሰለኝ። አዲሱን ካገኙ በታናሼ በኩል ይላኩልኝ፤ ዘንድሮ እሸቱን በስንት እየገዛ እንደሆነ ከራሱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ