የተረፈ ወንበር

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኛ ደህና ነን። የሚጡ ሁለት የፊት ጥርሶች ወልቀዋል፤ ስትስቅ ቁርጥ አባዬን ነው የምትመስለው። ትልቁ በቁመት በልጦኛል። አማርኛው ግን ያው ነው፤ ትናንትም «አያቴ መቼ ይመጣል?» አለኝ።

አየር መንገዱ በአባዬ ሥራ በሚሰጥሽ የሠራተኛ ቤተሰብ ትኬት እመጣለሁ ስትዪኝ ዝም ያልኩት ጠልቼ አይደለም። ስልክ ላይ እንዳንጣላ ነው።

«ሠላሳ ዓመት የአውሮፕላን ሞተር ሥር ተኝቶ ያመጣው ነው፣ ለምን ይቀራል?» አልሽኝ። ልክ ነሽ። ግን ያ ትኬት ወንበር የለውም። እዚህ የአሜሪካ አየር መንገድ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዬን ጠየቅኋት። በብዙ ቦታ ያው ነው አለችኝ። የሟች ሠራተኛ ሚስት ዳግም እስካላገባች ድረስ ትጓዛለች፤ ታክስ ትከፍላለች፤ ቦታ ካለ ትሳፈራለች፣ ከሌለ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። («ዳግም እስካላገባች» ስትለኝ ሳቄ መጣ። አባዬም ቢሰማ ይስቅ ነበር።)

ድሬዳዋ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሻል? አባዬ ጂንስ ከልክሎን፣ የጥምቀት ልብሳችንን ለብሰን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከቦሌ ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ስማችን ሲጠራ ወንድሜ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። «የተሸጠ ወንበር አይነካም፣ የተረፈው ነው የኛ» ይለን ነበር። ያኔ ለኛ ጨዋታ ነበር። አንቺም ያኔ ጉልበት ነበረሽ።

ወደዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚመጣው በረራ ደግሞ ይብሳል። ይህንንም ያስረዳኝ አባዬ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ለረጅም መንገድ ነዳጅ ጢም ብሎ የተሞላ አውሮፕላን ከዚያ መነሳት ይከብደዋል። ለዚህ ነው ወደዚህ ሲመጣ መንገድ ላይ አርፎ የሚሞላው። ከዚህ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይገባል። ክብደት በዛ ከተባለ ደግሞ ወንበር ባዶ እያለ እንኳ ስታንድባይ፣ ማለት የተረፈ ቦታ የሚጠብቅ ሰው፣ ሊቀር ይችላል። እና አንቺን በሌሊት ሻንጣሽን ይዘሽ ቆመሽ «ዛሬ አልሆነም፣ ነገ ይሞክሩ» ሲሉሽ ላስብ? በዚያ ጉልበት? በዚያ ልብ?

ልብ አልኩ። ወንድሜ ነግሮኛል። አትቆጪው።

እማዬ፣ አንድ ጊዜ ልናገረውና ይውጣልኝ። አባዬ ሲታመም አልነገርሽኝም። አራት ወር ሙሉ ስደውል «ተኝቷል»፣ «ሌሊት ፈረቃ ገብቷል» ስትዪኝ ነበር። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ሴቶቹን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳያቸው ማንም ሳይናገር ገባኝ። የደረስኩት ለአርባው ነው። በኋላ ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ? «ዕድሜሽ አልፏል፣ የቤተሰብ ትኬቱ አይሠራልሽም። የሙሉውን ዋጋ ከየት ታመጪያለሽ ብዬ ነው።»

ለትኬቱ ዕድሜዬ አልፎ ይሆናል። ለአባዬ ግን ልጁ ነበርኩ። እበደር ነበር። ያቺን አሮጌ መኪና እሸጥ ነበር። ምንም ባይሆን ስልኩን ጆሮው ላይ ታደርጊልኝ ነበር። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ማወቄ ግን እስከ ዛሬ አላቀለለልኝም።

አሁንም «ትንሽ ድካም ነው» ስትዪኝ ያው ድምፅሽ ነው፤ ያው «ሌሊት ፈረቃ ገብቷል» ያልሽበት።

ስለዚህ ትኬት ቆርጬልሻለሁ። የተሸጠ ወንበር። እግርሽን እንድትዘረጊ በመተላለፊያው በኩል ነው። ዊልቸርም አዝዣለሁ፤ «ሰው ምን ይለኛል» የሚባል ነገር የለም። ዋጋውን አትጠይቂኝ። የአባዬን አስቀምጪው፤ ሲሻልሽ ላሊበላ ትሄጂበታለሽ፣ ብትመለሺም ቤትሽ ቅርብ ነው። በርበሬውን አታብዢው፣ ያለፈው ገና አላለቀም። ለሚጡ ግን ዳቦ ቆሎ አትርሺ። ጥርስ የለኝም ብላ አትተወውም።

የሐኪሙን ወረቀት ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ በእጅሽ ያዢው። ከመነሳትሽ በፊት ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ሁለተኛውንም ገጽ።

ልጅሽ