29 በመቶው የማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት «በቀን 15 ደቂቃ ጨዋታ፣ የመርሳት በሽታ ደህና ሰንብት!» ብላችሁ ያወጣችሁት ጽሑፍ በሚገባ ደርሶኛል። ከዓርብ እስከ እሑድ አራት ሰው ነው የላከልኝ። የአክስቴ ልጅማ «ለእትዬ ዛሬውኑ ግዢላት» የሚል ማሳሰቢያ አክላበታለች። ይህ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው እናቴ ራሷ ቀድማ አንብባው መቆየቷ ነው።

ስለ ርዕሱም ስለ ሥዕሉም ብዙ ማለት ይቻላል። እኔ ግን አንዲት ቁጥር ላይ ነው የምቆመው። «የአእምሮ ጨዋታዎች የመርሳት በሽታን በ29 በመቶ ይቀንሳሉ» አላችሁ። ጨዋታዎች። በጅምላ። እንደ ሽንኩርት።

ቁጥሯ ከሰማይ አልወረደችም፤ ወላጅ አላት። አክቲቭ የሚባል የአሜሪካ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 2,802 ሰዎች በአራት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የማስታወስ ዘዴ ተማረ። ሌላው የማመዛዘን። ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ብልጭ የሚለውን ነገር ቶሎ አይቶ የመለየት ፍጥነት ተለማመደ። አራተኛው ምንም አልሠለጠነም። ከ10 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ በመርሳት በሽታ የመያዝ አደጋው በ29 በመቶ የቀነሰው የፍጥነቱ ቡድን ላይ ብቻ ነው። ማስታወስ የተማሩት ላይ እንዲህ ያለ ውጤት አልታየም። እስኪ ይህችን ደግመው ያንብቡልኝ። የማስታወስ ሥልጠና ከመርሳት አላዳነም፤ እናንተ ግን የማስታወሻ ካርድ ጨዋታ ሥዕል ለጥፋችሁበታል።

ሥልጠናውም ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ስልክ መነካካት አልነበረም። አሠልጣኝ ነበረው። እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ እስከ 10 ጊዜ ተሰጥቷል፣ ለአንዳንዶቹ ደግሞ ቆይቶ ክለሳ ነበረው። በሽታው መኖሩ የተወሰነውም በቃለ መጠይቅና በፈተና ውጤት እንጂ ሁሉም ሐኪም ፊት ቀርበው ተመርምረው አይደለም። ልዩነቱ የስታቲስቲክስን ወንፊት ያለፈው ለጥቂት ነው። ውጤቱን አልንቀውም፤ ሊከታተሉት የሚገባ ነገር ነው። ግን የአንድ ሥልጠናን ውጤት ወስዶ አፕ ስቶር ላይ ላለው ሁሉ ማደል፣ የአንዱን ልጅ የማትሪክ ውጤት ለሰፈሩ ልጆች በሙሉ እንደማከፋፈል ነው።

ለምን እንደዚህ እንደተቃጠልኩ ልንገራችሁ። ኑሮዬ ሜሪላንድ ነው፤ ሆም ኬር እሠራለሁ። ቀን የሰው እናትና አባት እጠብቃለሁ፣ ማታ የራሴን። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴ ነገር መርሳት ጀመረች መሰለኝ። የነገርኳትን ታስደግመኛለች፣ ወይ ጭራሽ ሌላ ነገር ትመልሳለች። ደነገጥኩ። ልክ የእናንተን የመሰለ ጽሑፍ አነበብኩና የዓመት ከፍዬ አንዱን ጨዋታ ታብሌት ላይ ጫንኩላት። ስሙን አልጠራም።

ጨዋታው መጀመሪያ የትውልድ ቀን ጠየቃት። ፓስፖርቷ እንደ ብዙዎቻችን እናቶች ጃንዋሪ 1 ይላል፤ እሱን ሞላን። ከዚያ በእንግሊዝኛ ቃላት እየመጡ ይጠፋሉ፣ ያየሽውን ንኪ ይላታል። እናቴ ዳዊት ታነባለች፣ ጋዜጣ ታነባለች፣ የእናንተን ጨምሮ። እንግሊዝኛ ግን አታነብም። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ ስታስተረጉምላት ጊዜው ያልፋል። በመጨረሻ ውጤቱ ወጣ፤ የአእምሮሽ ዕድሜ 91 ነው ይላል። እናቴ 76 ዓመቷ ነው።

«91?» አለች። «እናቴ እንኳ 90 ሳትደፍን ነው የሞተችው።»

ሳቅን። ማታ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፍ በጠፋት ቁጥር «እንግዲህ ጀመረኝ» ማለት ሆነ። ይህን ለፈጠረልኝ ነገር ነው እንግዲህ ገንዘብ የከፈልኩት። በዓመቱ ደግሞ ሳይጠይቀኝ ካርዴ ላይ ድጋሚ ቆረጠ። የኔ የማስታወስ ችሎታ መፈተኛ መሆን አለበት።

አንድ ጋዜጠኛ ይህን ርዕስ ሲነካ የአእምሮ ጨዋታ ሻጩን ሉሞሲቲን አለማንሳቱ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 ኩባንያው ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ክሱ ጨዋታዎቹ በሥራና በትምህርት ያጎብዛሉ፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የአእምሮ መድከም ይከላከላሉ ብሎ በቂ ማስረጃ ሳይኖረው አስተዋውቋል የሚል ነበር። የእናንተ ርዕስ ከዚያ ማስታወቂያ በምን ይለያል? እነሱስ ከፍለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከቢቢሲ ጋር የተሠራ ጥናት ነበር። 11,430 ሰዎች ለ6 ሳምንት ተጫወቱ። የተጫወቱት ላይ ጎበዙ። ሌላ ፈተና ሲሰጣቸው ግን ምንም የረባ ለውጥ የለም።

ነገሩ ይኸው ነው። ከዚያም በፊት በአሜሪካ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ቁጥር ሲነበብለት በቃሉ መያዝ ተለማመደ። ሲጀምር እንደ ማናችንም ወደ 7 ገደማ ነበር የሚይዘው። ከ230 ሰዓት በላይ ተለማምዶ 79 ደረሰ። ሯጭ ስለነበር ቁጥሮቹን እንደ ሩጫ ሰዓት እያደረገ ነበር የሚሸከፋቸው። ጎበዝ! ከዚያ በቁጥር ፋንታ ፊደል ሰጡት። ተመልሶ 6።

ይህን ሳነብ የመጣችብኝ እናቴ ነች። ከልደታ እስከ ባለ ወልድ የወሩን በዓላት ያለ ካሌንደር ትቆጥራለች። የዛሬ 30 ዓመት ዕቁብ ማን በስንተኛው እንደደረሰው ትነግራችኋለች። መነጽሯ ግን የት እንዳለ አታውቅም፤ ብዙ ጊዜ ራሷ ላይ ነው። እና እኔም ላስተካክል፤ «የኛ ሰው ዳዊት ስለሚደግም አይረሳም» የሚሉ ዘመዶች አሉኝ። እሱም ያው የናንተ ርዕስ በነጠላ ተሸፍኖ ነው። ዳዊት የደገመ ዳዊት ያውቃል፤ ቁልፉን ለማግኘት የተለየ ዋስትና የለውም።

የምጠብቃቸው አንድ አዛውንትም ነበሩ። መሐንዲስ የነበሩ ናቸው። በየጠዋቱ የአእምሮ ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ነጥባቸው ከኔ ይበልጣል። ቁርስ መብላታቸውን ግን እኔ ነበርኩ የማስታውስላቸው። የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሲጫወቱ ደስ ይላቸው ነበር፣ እኔም አብሬያቸው እጫወት ነበር። ደስታ ከሆነ ደስታ ነው በሉት፤ መድኃኒት አትበሉት።

አሁን ወደ ዋናው ቅያሜዬ ልምጣ። «የኛ አዛውንቶች አእምሯቸውን የሚያሠሩበት ባህል የላቸውም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ማን ነው? ገበጣ ሲጫወቱ ጠጠር ቆጥረው የማያውቁ፣ ቅኔ ሰምተው ሰሙንና ወርቁን ለይተው የማያውቁ መሰሏችሁ? እሺ፣ እነሱም ከመርሳት በሽታ እንደሚያድኑ ማስረጃ የለኝም፤ አላልኩምም። ግን የሌለ ጉድለት ፈጥሮ በወር ክፍያ የሚሸጥ መድኃኒት ማሳየት ምን ይባላል?

ከተዋችሁት ሁሉ የምትቆጨኝ ጆሮ ነች። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የላንሴት (የሕክምና መጽሔቱ) ኮሚሽን ሪፖርት ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ምክንያቶች ዘርዝሯል። የመስማት ችግር አለበት። ደም ግፊት አለበት። ስኳር አለበት። በጽሑፋችሁ አንዱም የለም። እናቴን በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ትረሳለች ያልኩት ነገር ግማሹ አለመስማት ነበር። የነገርኳት ሳይደርሳት ነበር «ረሳች» የምላት። አሁን የጆሮ መሣሪያ አላት፤ ስልክ ሳወራ ሹክሹክታዬን ሁሉ መስማት ስለጀመረች እሱም ሌላ ጣጣ ነው።

ይህን ሁሉ ጨርሰን ተረጋግተን ሳለ ነው የእናንተ ጽሑፍ የመጣው። እሑድ ቡና ላይ ጋዜጣውን አጥፋ አስቀመጠችና «ያን ጨዋታ ባልተወው ኖሮ ይሻለኝ ነበር?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? 29 በመቶ ብላችኋላ።

ማስተካከያ አውጡ። ቁጥሯ የየትኛው ሥልጠና እንደሆነች፣ ማን ላይ እንደተሞከረች በስም ጻፉ። ርዕሱ በወጣበት ገጽ ይሁን፣ የመጨረሻው ገጽ ጥግ ከሟቾች ማስታወቂያ ሥር እንዳትወሽቁት። ፊደሉንም ተለቅ አድርጉት፤ መነጽሯን ፈልጌ እስካገኝላት ራሷ ታነበዋለች።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
አንዲት ሆም ኬር ሠራተኛ